ምሰሶ ለብቻ ስለማቆም፦ የጠየቃችሁኝና መልሴ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማና ዙሪያዋ የኢንተርኔትና የዲሽ ምሰሶ እያቆምኩ ነው የምተዳደረው። «ረዳት ባይኖር ብቻዬን ማቆም እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልሰው። የማወራው ከ6 እስከ 9 ሜትር ስለሚሆን የብረት ቱቦ ነው። ከዚያ የረዘመውን ሰው ሰብስባችሁ አቁሙ።

ጥያቄ (ከአጋሮ)፦ ወንድሜ፣ ባለ 2 ኢንች ቱቦ፣ አንድ ሙሉ 6 ሜትር። ጫፉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ እግሩ እየተራመድኩ ባነሳውስ? ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ቡና የምሸከም ሰው ነኝ።

መልስ፦ ጆንያው ትከሻህ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ቱቦው አይቀመጥም። ቱቦው 30 ኪሎ ገደማ ነው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ 3 ኪሎ ራዲዮ (የኢንተርኔት መቀበያው) አለ እንበል። ከመሬት ስታነሳው እጅህ ላይ የሚያርፈው 18 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ያታልልሃል። ወደ እግሩ በተጠጋህ ቁጥር ይከብዳል፤ 45 ዲግሪ ላይ ሲደርስ 36 ኪሎ ይሆናል። ያን ጊዜ አንተ ከሥሩ ነህ፣ ግራና ቀኙን የያዘልህ የለም፣ መሬቱም ጭቃ ሊሆን ይችላል። ተወው።

ጥያቄ (ከቆጪ)፦ ታዲያ ገመድ ጫፉ ላይ አስሬ ከፊት ብስበውስ?

መልስ፦ ምሰሶው ተኝቶ ሳለ ገመዱና ቱቦው አንድ መስመር ላይ ናቸው። ብትስበው ቱቦውን ወደ እግሩ ትገፋዋለህ እንጂ አታነሳውም። ስለዚህ ገመዱ ከላይ እንዲመጣ አጋዥ ቱቦ ያስፈልግሃል። መጀመሪያ እግሩን አስተካክል፦ ኮንክሪት ውስጥ ሁለት ወፍራም ላሜራ ትቀብራለህ፣ ምሰሶውን መሃላቸው አግብተህ አንድ ቡሎን ታሳልፍበታለህ። ምሰሶው በዚያ ቡሎን ላይ ብቻ ይታጠፋል። ከዚያ 2 ወይም 3 ሜትር የሚሆን አጋዥ ቱቦ እግሩ አጠገብ ከምሰሶው ጋር የ90 ዲግሪ ማዕዘን ሠርቶ እንዲቆም ታስረዋለህ። ከአጋዡ ጫፍ አንድ ገመድ ወደ ምሰሶው ላይኛ ክፍል፣ ሌላው ምሰሶው ከተኛበት በተቃራኒ ወዳለው የፊተኛው ካስማ ይሄዳል። ምሰሶው ሲነሳ አጋዡ ይተኛል።

ልኩ ለውጥ አለው። ከላይ ያነሳነውን ባለ 6 ሜትር ምሰሶ በ2 ሜትር አጋዥ፣ ካስማውን 4 ሜትር ላይ አድርገህ ብትጎትት 60 ኪሎ ያህል ትስባለህ። አጋዡን 3 ሜትር፣ ካስማውን 6 ሜትር ብታደርገው ወደ 40 ይወርዳል። ጭነቱን ለሦስት የሚከፍል መዘውር ካከልክበት በእጅ የሚሳብ ነው፣ ሰበቃው ትንሽ ቢጨምርበትም።

የሚከብደው የመጀመሪያዋ ስንዝር ነች። ጫፉ ከመሬት አንድ ስንዝር ሲለቅ ገመዱን እሰርና ዙረህ እይ፦ ካስማው ወደ ፊት አፈር እየገፋ ነው? ቋጠሮው ተንሸራቷል? እዚያ የቻለ ነገር ወደ ላይ ሲሄድ እየቀለለው ነው የሚሄደው።

ጥያቄ (ከየቡ)፦ አጋዥም ማጠፊያም ነበረኝ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ተጠማዝዞ ወደቀ፤ ማጠፊያውን ሰበረው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ስለ ጉልበት ያስባል፤ ምሰሶ የሚጥለው ግን ጎኑ ነው። ማጠፊያ ጎን አይዝም። 6 ሜትር ቱቦ ትንሽ ካዘነበለ ቡሎኑን እንደ ክብሪት ነው የሚጠመዝዘው።

ምሰሶውን ግራና ቀኝ የሚይዙት የጎን ገመዶች የታሰሩባቸው ካስማዎችህ የት ነበሩ? ቡሎኑን በሐሳብህ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አስረዝመው። ሁለቱ የጎን ካስማዎች እዚያ መስመር ላይ፣ ካስማው ላይ ገመዱ የሚታሰርበት ነጥብም በቡሎኑ ከፍታ መሆን አለበት። እንዲያ ከሆነ ምሰሶው ቢተኛም፣ ግማሽ ላይ ቢሆንም፣ ቢቆምም የጎን ገመዱ ርዝመት አይለወጥም። ተኝቶ ሳለ ወጥረህ ታስረዋለህ፣ አለቀ። ካስማው ወደ መጎተቻው በኩል ከወጣ ምሰሶው ሲነሳ ገመዱ ይላላል። ወደ ተኛበት በኩል ከሆነ ደግሞ ሲነሳ እየተወጠረ ይሄድና ወይ ይበጠሳል ወይ ካስማውን ይነቅላል።

የአጋዡንም ጫፍ ከነዚያው ካስማዎች ጋር ግራና ቀኝ እሰረው። ይሄን የሚረሳ ብዙ ነው፤ አጋዡ ከተንጋደደ ምሰሶው ይከተለዋል።

ጥያቄ (ከጂሬን በኩል)፦ የኛ ግቢ ዳገት ነው። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ምሰሶውን ዳገቱን አግድም አታስተኚው። እንዲያ ካደረግሽ አንዱ የጎን ካስማ ከቡሎኑ በታች፣ ሌላው በላይ ይሆናል። ምሰሶው ሲነሳ የታችኛው ገመድ ይወጠራል፣ የላይኛው ይላላል፤ ወደ ቁልቁለቱ ይጎትተዋል። ጫፉን ወደ ዳገቱ አድርገሽ አስተኚው፣ ቡሎኑ ዳገቱን አግድም ይሁን። ሁለቱ የጎን ካስማዎች ያኔ በአንድ ከፍታ ይውላሉ፣ ጫፉም ከመነሻው ከፍ ስላለ ይቀልሻል። ከፍታውን በዓይን አትገምቺ፤ ግንበኞች እንደሚያደርጉት ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ውሃ ሞልተሽ ለኪ።

ጥያቄ (ከቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ)፦ በተሽከርካሪ ጋሪ የሚጎተት ትንሽ የሸራ ጀልባ ምሰሶ አንድ ሰው ብቻውን ሲያቆም ቪዲዮ አይቻለሁ። ያው ነው?

መልስ፦ ያው ነው፣ እነሱ እንዲያውም ከኛ በፊት የጨረሱት ጉዳይ ነው። አጋዥ እንጨት፣ መዘውርና የፊት ገመድ ይጠቀማሉ። ችግራቸውም ይኸው የጎን ነው፦ የጀልባው የጎን ሽቦዎች ብዙውን ጊዜ ከምሰሶው እግር ትንሽ ወደ ኋላ ወይም ዝቅ ብለው ስለሚታሰሩ ምሰሶው እስኪቆም ድረስ ላላ ብለው ይቆያሉ። ለዚህ ሲሉ በማጠፊያው ልክ ተጨማሪ አጫጭር የጎን ገመዶች ያስራሉ፤ ምሰሶው ሲቆም ይፈቷቸዋል። ከኛ የሚብስባቸው ጀልባው ውሃ ላይ መወዛወዙ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ጋሪው ላይ እንዳለ፣ ሜዳ ላይ ያቆሙታል።

ጥያቄ (ከሰቃ)፦ በፒካፕ ብጎትተውስ?

መልስ፦ አይሆንም። መኪና ገመዱ ሲጨነቅ አይሰማውም። ፓራንኮ (በሰንሰለት የሚሠራ ማንሻ) ወይም የእጅ ዊንች ተከራይ።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ ቀጥ ካለ በኋላ ወደ ፊት እንዳያልፍስ?

መልስ፦ ምሰሶው ተኝቶ በነበረበት በኩል ያለው የኋላው ገመድ ቀድሞ ተለክቶ ይታሰራል። ምሰሶው ላይ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ከታሰረ፣ ካስማው ከእግሩ 4 ሜትር ከራቀ፣ ገመዱ 6.4 ሜትር ይሁን፤ ለቋጠሮው ጨምርበት። መጨረሻ ላይ የምታስተካክልበት መወጠሪያ ጫፉ ላይ ይኑር። ቀጥ ሊል ሲል ክብደቱ ስለሚጠፋ ሰው ይዘናጋና ይስበዋል። ያኔ የሚያቆመው ይሄ ገመድ ብቻ ነው።

ጥያቄ (አንድ አባት፣ ከመንደራ)፦ ልጄ፣ ከግቢዬ አጥር ውጭ የመብራት መስመር ያልፋል። ምሰሶው ከመስመሩ 7 ሜትር ይርቃል፣ ርዝመቱ 9 ነው።

መልስ፦ አባቴ፣ አይንኩት። ምሰሶው በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ መስመሩ ጋር መድረስ የለበትም፤ 9 ሜትር ከሆነ ከ9 በላይ ደህና ትርፍ ያስፈልጋል። መስመሩ 15 ሺህ ቮልት ከሆነ ደግሞ ቱቦው እስኪነካው ላይጠብቅ ይችላል። ቦታውን ይቀይሩ፣ ወይም ጣሪያ ላይ አጠር ያለ ያድርጉ።

ጥያቄ (ከቦዬ)፦ በክረምት ካስማው ይይዛል?

መልስ፦ ቀዩ አፈራችን ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ሲርስ ግን ይለቃል። ለማንሻ ብቻ ከሆነ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ማዕዘን ብረት ከምሰሶው ወደ ውጭ አዘንብለህ ምታ፤ ለቋሚው ኮንክሪት አፍስስ። ከሰዓት በኋላ ሲደምን ሥራ አትጀምር። የመብረቅ መሬት መያዣውንም (መብረቁን ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ) ምሰሶው በቆመበት ቀን ጨርስ፣ «ነገ» አትበል።

ጥያቄ (ከአጋሮ፣ ድጋሚ)፦ ማውረዱስ?

መልስ፦ በመጣበት መንገድ ይመለሳል፣ ግን የሚከብደው መጨረሻ ላይ ነው። ገመዱን በባዶ እጅ አትልቀቅ፤ ፌሮ ካስማ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥመህ በትንሽ በትንሹ ልቀቀው። መጀመሪያ ላይ ክብደት ስለሌለው ወደ ኋላ ትንሽ መግፋት ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን የራዲዮውን ኬብል ከግድግዳው ፍታ።