ችግር ዲፓርትመንት አያውቅም

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ለቅሶ፣ ወይ ቴሲስ። ለቅሶ ሲሆን ጋቢዬን አንስቼ እወጣለሁ። ቴሲስ ሲሆን ደግሞ ወሬው ሁሌም አንድ ነው። «ጋሼ፣ ዳታ ሰብስቤ ጨርሻለሁ። የትኛውን ቴስት ልጠቀም?»

«ጥያቄህ ምንድን ነው?» እላለሁ።

ዝም ይላል። ኔትወርክ የተቆረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም ይላል። ከዚያ ርዕሱን ያነብልኛል። ርዕስ ግን ጥያቄ አይደለም። ይህችን ነገር በስልክ ደጋግሜ ከምናገራት አንዴ ልጻፋት ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሌላ ሰው ጥናት ላይ ቁጥር ሳይ ኖርኩ። ጠዋት የአፈር ተመራማሪ ይመጣል፣ ከሰዓት አዋላጅ ነርስ፣ ወደ ማታ የመንገድ መሐንዲስ። የራሴ የምለው በሽታ የለኝም፤ የራሴ የምለው ሰብልም የለኝም። ወጣት ሳለሁ ይህ ያሳፍረኝ ነበር። የሰው ሠርግ ላይ ወጥ እንደሚያማስል ጎረቤት ይሰማኛል። ቆይቶ ግን ከዚያች ወንበር ላይ ሆኖ የሚታይ ነገር እንዳለ ገባኝ። እናንተ በየክፍላችሁ ሆናችሁ የምትታገሉት ችግር አጥር ዘሎ ነው የሚሄደው። መፍትሔውም እንደዚያው።

ለምሳሌ ቲ-ቴስት፤ በሁለት ቡድን አማካይ መካከል ያለው ልዩነት የምር ይሁን የአጋጣሚ የምንፈትንበት ስሌት። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ጠቅ አድርጋችሁ የምታወጡት ማለቴ ነው። ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከቢራ ፋብሪካ! ዊሊያም ጎሴት የሚባል ኬሚስት በ1899 ደብሊን ውስጥ በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ መቀነሱን ለእናንተ ትቻለሁ።) ፋብሪካው ጥሩ ገብስና ጥሩ ሆፕስ መለየት ይፈልጋል። ሆፕስ ለቢራ፣ ለጠላችን ጌሾ እንደማለት ነው። ችግሩ፣ ሙከራው ውድ ነው። በእጁ ያለው ናሙና አራት ወይም አምስት ብቻ ነው። የዘመኑ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት የለመዱት ደግሞ ብዙ ናሙና ነበር። ጎሴት «በአራት ናሙና ምን ያህል ልተማመን?» ብሎ ተነሣ። መልሱን በ1908 አሳተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበርና «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ወጣ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን የምስጋና ገጽ ስትጽፉ፣ ከፈጣሪና ከእናታችሁ ቀጥሎ ለገብስም ትንሽ ቦታ ተዉለት።

ከቢራ ወደ ስንዴ እንሂድ። እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ የሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ አለ። ሥራ የጀመረው በ1843 ነው። ሮናልድ ፊሸር በ1919 እዚያ ገባ። የገጠመውን ችግር ማንኛውም የጎጃም ገበሬ ይነግራችኋል። አንድ ማሳ ሁሉ ቦታው አንድ አይደለም። ታችኛው ለም ነው፣ ላይኛው ጭንጫ። ማዳበሪያውን ለሙ ላይ በትኖ «ሠራ!» ቢል ማንን ያሳምናል? ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ምን ያደርጋሉ? ዕጣ ይጥላሉ። ፊሸርም የትኛው መደብ ማዳበሪያ ያግኝ የሚለውን ለዕጣ ተወው። ከዚያ አልፎ፣ ዕጣው አድልዎን ከማስቀረቱም በላይ ስሕተቱን ራሱን ለመለካት እንደሚያስችል በሒሳብ አሳየ።

ያ የማሳ ዕጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሆስፒታል ገባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እንግሊዝ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ሞልቷል፤ ስትሬፕቶማይሲን የሚባለው አዲስ መድኃኒት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ለሁሉም ስለማይዳረስ ዕጣ ማውጣቱ ግፍ አልሆነም። 55 ሰዎች መድኃኒቱን አገኙ፣ 52ቱ እንደ ወትሮው አልጋ ላይ ዕረፍት ብቻ። በስድስት ወር ውስጥ ከ55ቱ 4 ሞቱ፣ ከ52ቱ 14። ውጤቱ በ1948 ታተመ። ዛሬ አዲስ መድኃኒት የሚፈተነው በዚሁ መንገድ ነው። የስንዴ ማሳ ዘዴ ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ወረፋ ልምጣ፤ ይህን በደንብ ነው የማወራው፤ ዕድሜዬን ግማሽ ወረፋ ላይ አይደል የጨረስኩት።

አንድ ጊዜ ከአንድ ሆስፒታል ሁለት ልጆች መጡ። የካርድ ክፍሉ ሰልፍ አስመርሯቸዋል። አራት መቶ ሰው የሚሞላው መጠይቅ ይዘዋል። «በአገልግሎቱ ረክተዋል? በጣም ረክተዋል? በመጠኑ ረክተዋል?» ጸሐይ ላይ ሦስት ሰዓት የቆመ ሰው መማረሩን ለማወቅ አራት መቶ ወረቀት! መጠይቁን ተውትና ሰዓትና ደብተር ይዛችሁ አንድ ሳምንት መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ አልኳቸው። ማን ስንት ሰዓት መጣ፣ ስንት ሰዓት ተስተናገደ፣ በቃ።

የወረፋን ሒሳብ የጀመረው ሐኪም አይደለም። አግነር ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ ሒሳብ ሰው ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ የስልክ ኩባንያ ተቀጥሮ ነበር። ኩባንያው ደዋዮች ብዙ እንዳይጠብቁ ስንት መስመር ያስፈልገኛል ብሎ ሲጨነቅ፣ ኤርላንግ በ1909 የመጀመሪያውን ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ የመጣው ስሌት የሚያስደነግጥ ነገር አለው። አንዲት የካርድ ሠራተኛ በሰዓት 10 ሰው ማስተናገድ ትችላለች እንበል። ሰዎች ያለ ቀጠሮ፣ አንዳንዴ ተከታትለው አንዳንዴ ተራርቀው ይመጣሉ። የሚፈጁት ጊዜም አንዱ ካንዱ ይለያያል። በሰዓት 5 ሰው ቢመጣ በአማካይ መስኮቱ ጋ የሚገኘው 1 ሰው ነው። 8 ቢመጣ 4 ይሆናል። 9 ቢመጣ 9! አንድ ሰው ብቻ ጨምሮ ሰልፉ ከእጥፍ በላይ ሆነ። 10 ቢመጣ ሰልፉ ማብቂያ የለውም። አለቃ ግን «10 ትችላለች፣ 10 መጡ፣ ምን ጎደለ?» ብሎ ይቆጣታል።

ልጆቹ ሳምንቱን ጨርሰው ተመለሱ። መስኮቱ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሕዝቡ ግን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተሰልፏል። አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሠራተኛዋ ሻይ ትጠጣለች። ለምን? የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ቀን እንጂ ሰዓት አይጻፍም። ሁሉም «ጠዋት ና» ነው የሚባለው። ሰዓት መጻፍ ተጀመረ። ሰልፉ አልጠፋም፤ ቀጠነ እንጂ። ሩቅ ገጠር ያለ ሰው አውቶቡሱ በደረሰበት ሰዓት ነው የሚመጣው፤ እሱን የኤርላንግ ቀመር አይፈታውም።

እስካሁን የነገርኳችሁ የሚያኮራውን ነው። የሚያሳፍረኝንም ልንገራችሁ።

አንድ ጎበዝ ልጅ፣ ሜካኒካል መሐንዲስ፣ እንጨት ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ሠራ። ላቦራቶሪ ውስጥ የደረቀ ባሕር ዛፍ እኩል እኩል ቆርጦ፣ መዝኖ፣ ደጋግሞ ለካ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ፍጆታ ከግማሽ በታች አወረደው። ቁጥሩን ያየሁት እኔ ነኝ። ድግግሞሹ በቂ፣ ፒ-ቫልዩው (ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል ማለት ነው) የሚያሳሳ። «እንከን የለውም» ብዬ ፈረምኩ። ዲፌንሱ ላይ፣ ጥናቱን በመርማሪዎች ፊት ሲያቀርብ፣ ተጨበጨበ።

ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ለሌላ ሥራ ምድጃው ወደታደለበት ቀበሌ ሄድኩ። አንድ ቤት ገባሁ። ምድጃው አለ። ውስጡ ዶሮ ታቅፋበታለች። የቤቱን እመቤት ምነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ምድጃውስ ደግ ነበር። እንጨቱን ማን ይፈልጥልኛል?» አሉኝ። እሳቸው የሚያነዱት ኩበት፣ ጭራሮና የማሽላ አገዳ ነው። የምድጃው አፍ ጠባብ ነው። አገዳው ግማሹ ውጭ ይቀራል፣ ኩበቱ አመድ ሆኖ መግቢያውን ይዘጋዋል። በዚያ ቀበሌ ተፈልጦ የደረቀ ባሕር ዛፍ ያለው ሰው ይሸጠዋል እንጂ አያነደውም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲባል ሰምቻለሁ፤ በራሴ ፊርማ ይደርሳል ግን አላልኩም። ስሌቱ ላይ አንዲት ስሕተት የለችም። ስሕተቱ ከስሌቱ በፊት ነው። ምን ይነደዳል ብሎ የጠየቀ የለም። ያንን ለማወቅ ደግሞ ዶክትሬት አያስፈልግም፤ አንድ ቀን ጓዳ ገብቶ ማየት ይበቃል።

ይህን ከአክሊሉ ለማ ጋር ሳነጻጽረው ይበልጥ ያመኛል። በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ያጠናል። በሽታውን የሚያስተላልፈው ውኃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። ወንዙ ማነጻጸሪያውን አዘጋጅቶ ጠብቆታል ማለት ነው። ግን ስንት ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል? እሱ ቆመ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ለቅሞ አመጣ። ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶድ አረፋ ጨምሪበት አላት። ሞቱ። የመጀመሪያው ሙከራ ይኸው ነው፤ ወንዝ ዳር፣ ከአንዲት ሴት ጋር።

ቀሪው ዓመታት ፈጀ። የእንዶዱን ዓይነት መምረጥ፣ መጠኑን ማወቅ፣ ሰውንና ከብትን እንዳይጎዳ መመርመር። አድዋ ላይ አምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በ1989 ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አገኙ። ቀጥሎ የመጣውን ስሙ። በዚያው ሰሞን አሜሪካና ካናዳ የሚጋሯቸው ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ዜብራ መስል የሚባል ባለዛጎል ፍጥረት ተራብቶ የውኃ ቧንቧ ይዘጋ ነበር። እሱም የቀንድ አውጣ የሩቅ ዘመድ ነው። ኦሃዮ የሚገኘው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶዱን ሞከሩበት፤ ገደለው። የልብስ ሳሙና፣ ከዚያ የበሽታ መከላከያ፣ ከዚያ የቧንቧ ማጽጃ! የፈጠራ ባለቤትነቱ ግን በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ። የአድዋ አጣቢዎች የትም አልተጻፉም። ይህ ያንገበግበኛል፤ አሁን ከጀመርኩት ግን ደብዳቤው አያልቅም።

ጤፍንም ሳልጠቅስ አላልፍም። አበባዋ ከመጠን በላይ ትንሽ ስለሆነች ሁለት ዝርያ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ነበር። በ1970ዎቹ ታረቀ በርሄ የሚባል የጤፍ ተመራማሪ አበባዋ ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ እንደምትከፈት ደረሰበት። የዓመታት ግድግዳ የፈረሰው በማለዳ ተነሥቶ በማየት ነው። ከዚያም የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ብዙ ምርት የሚሰጥ ዝርያ አወጡ፤ ገበሬው ግን ብዙም አልጓጓለትም። ነጭ አይደለማ! ገበያ ላይ ዋጋ የሚያወጣው ነጩ ነው። ስለዚህ ምርቱን ከአንዱ፣ ንጣቱን ከማኛ ወስደው አዳቀሉ። ቁንጮ እንዲህ ሆኖ በ2006 ወጣ፤ ገበሬውም ተሻማበት። «ምርት» የሚለውን ብቻ እየለኩ ቢቀጥሉ ኖሮ ዛሬም ገበሬውን «አዲስ ነገር አይቀበልም» እያሉ ይወቅሱት ነበር። ይህችን ወቀሳ ስብሰባ ላይ ስሰማ ሁልጊዜ ያቺ ዶሮ ትታወሰኛለች።

እና ምን ላድርግ ትሉኛላችሁ። ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ችግሩ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ዋሉ። መጠይቅ ሳትይዙ። ሻይ ጠጡ፣ ተሰለፉ፣ አብራችሁ ልቀሙ። ከራሳችሁ ዲፓርትመንት ውጭ አንድ የምሳ ጓደኛ ያዙ፤ እናንተን አንድ ዓመት ያስለቀሳችሁን ነገር እሱ ቤት ሌላ ስም ሰጥተውት ጨርሰውት ይሆናል። ስለ ዕድገትና ስለ ጽሑፍ ብዛት ምንም አልልም። የሚቆጠረው ወረቀት መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ቆጥሬ ነው ያደግኩት።

ምድጃውን የሠራውን ልጅ ደውዬ ነገርኩት። ከተማ ጥሩ ሥራ ይዟል። «እንግዲህ ጋሼ፣ እኔ ተመርቄያለሁ» ይለኛል ብዬ ነበር። በሳምንቱ ቅዳሜ መጣ። አብረን ሄድን። የምድጃውን አፍ አሰፋው፣ አመድ መጥረጊያ በር ከታች አወጣለት። በሴትየዋ ኩበትና አገዳ፣ በራሳቸው ጓዳ ለካን። የቆጠበው ከመጀመሪያው ቁጥር በጣም ያነሰ ነው። ዲፌንስ ላይ ቢቀርብ ማንም አያጨበጭብም።

ዶሮዋ ሌላ ቦታ ተሰጣት። ሴትየዋ እንጀራቸውን አሁን የሚጋግሩት በእሱ ነው። ቡናውን ግን ዛሬም በሦስት ጉልቻ ያፈላሉ። ምነው ብላቸው፣ «እሳቱን ዞረን ካልተቀመጥን ምኑን ቡና ሆነ?» አሉኝ። ልጁ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።