ጭሱ ከቆመ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ሳሉ ለምን አልቆመም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው፤ መምህርት ነኝ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ሦስት ልጆቿን ያሳደገችው እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ሲሆን፣ 28 ዓመት ሙሉ በጭራሮ፣ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ጋግራለች። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተንላት ማድ ቤቱን ዘጋነው። ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ ግን ጭራሽ ባሰባት። ሁለት ጊዜ አክታዋ ተመርምሮ ቲቢ የለም ተብሏል። ጎረቤቶቻችን «በሽታ የመከላከል አቅሟ ደክሞ ነው» ብለው ነጭ ሽንኩርት በማር ያዘዙላት ሲሆን፣ አቅም ይጨምራል የተባለ ውድ እንክብልም አስገዝተውናል። ሲብስባት ፕሬድኒሶሎን ራሷ ገዝታ ትወስዳለች፤ ለጥቂት ቀን ይሻላታል። ቡና ሲፈላ ከሰሉና ዕጣኑ ያስላታል፤ እምቢ ብላ ግን አጠገቡ ትቀመጣለች። ጭሱ ከቆመ ሳሉ ለምን አይቆምም? መ. ነኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ እስቲ ያንን የተዘጋ ማድ ቤት ክፈቺና ግድግዳውን በጣትሽ ንኪው። እሳቱ ከጠፋ ሦስት ዓመት ቢሆነውም ጣትሽ ይጠቁራል። የእናትሽም ሳንባ ጥላሸቱን እንደያዘ ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ያለው ጥላሸት የተቀመጠው በሕያዋን ሕዋሳት ሆድ ውስጥ መሆኑ ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ነው። መምህራችን ከአንዲት በሽተኛ አክታ የተዘጋጀ ስላይድ ማይክሮስኮፕ ላይ አድርገው በተራ አሳዩን። ትልልቅ ክብ ሕዋሳት ነበሩ፤ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ድፎ ዳቦ ይመስላሉ። «በቀን ስንት ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ይመስላችኋል?» አሉን። አንዱ አሥር፣ ሌላው ሃያ አለ፤ እኔ ሠላሳ ብዬ ሁሉንም በለጥኩ። ሴትዮዋ ሲጋራ በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ጠላ ጠማቂ ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት እናት «አላጨስም» ስትለኝ ቀጥዬ የምጠይቀው ስለ ማድ ቤቷ ነው።

እነዚያ ሕዋሳት ማክሮፋጅ ይባላሉ። ስሙን ያወጣው ኢልያ ሜችኒኮፍ ሲሆን ትርጉሙ «ትልቅ በላተኛ» ማለት ነው። በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ እየዞሩ አቧራውን፣ ባክቴሪያውንና የሞተውን ሕዋስ ሁሉ የሚውጡ ጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ባክቴሪያን ውጠው ይፈጩታል። የጭስ ቅንጣትን ግን ይውጡታል እንጂ አይፈጩትም። አንዱ ማክሮፋጅ ሲሞት የያዘው ጥቁር ቅንጣት ይፈስና ሌላው ይውጠዋል። እናትሽ ዛሬ በኤሌክትሪክ ቢጋግሩም የድሮው ጭስ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ሲወራረስ ይኖራል።

የዋጠውን መፍጨት ያቃተው ማክሮፋጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እርዳታ ይጣራል። የሚልካቸው ኬሚካሎች ከደም ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይስባሉ። እነዚህ ዕድሜያቸው በሰዓትና በቀን የሚቆጠር፣ ችኩልና ቁጡ ሕዋሳት ናቸው። ባክቴሪያ ለመግደል ከሚረጩት ነገር አንዱ ኢላስቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። የእናትሽን ትንፋሽ ያሳጠረው ነገር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሳንባ አየር ስቦ መልሶ የሚኮማተረው እንደ ላስቲክ በሚለጠጡ ክሮች ነው። ኢላስቴዝ ደግሞ እነዚህን ክሮች ይቆርጣል። ከጥሬ ፓፓያ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ጠንካራ ሥጋ እንደሚያለሰልስ ሰምተሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ከፓፓያ የተገኘውን ኢንዛይም በአይጦች ሳንባ ውስጥ ቢጨምሩት የአየር ከረጢቶቹ ግድግዳ እየፈረሰ ሳንባው እንደ ተቦደሰ ወንፊት ሆነ። በዚያው ዘመን፣ በ1963፣ ስዊድን ውስጥ ላውሬልና ኤሪክሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች 1500 ያህል የደም ናሙናዎችን ሲመረምሩ አንድ ፕሮቲን የጎደላቸው አምስት ሰዎች አገኙ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ሳንባቸው የተጎዳ ነበር። ያ ፕሮቲን ጉበት የሚሠራው የኢላስቴዝ ልጓም ነው። እናትሽ ልጓሙ ይጎድላቸዋል ማለቴ አይደለም። 28 ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲጋልብ ለኖረ ፈረስ ግን ያለው ልጓም አይበቃም። አንዴ የፈረሰው ግድግዳ ደግሞ ተመልሶ አይሠራም። ይህን ደብቄሽ አልሄድም።

ሦስተኛ ወገንም አለ። ሊምፎሳይት የሚባሉት ሕዋሳት በትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ግድግዳ ውስጥ ተሰብስበው ቋጠሮ ሠርተው ይቀመጣሉ። ሲጋራ ካቆሙ ሰዎች የተወሰደ ናሙና እንደሚያሳየው ጭሱ ከቀረ ከዓመታት በኋላም ብግነቱ አይበርድም። ለጥያቄሽ አጭሩ መልስ ይኸው ነው፤ ጭሱ ቆሟል፣ ጭሱ የቀሰቀሳቸው ሕዋሳት ግን አልተበተኑም። ቢሆንም ማድ ቤቱን መዝጋታችሁ ከንቱ አልቀረም፤ የቀረው ሳንባ የተረፈው በእሱ ነው። ሳትዘጉት ብትቆዩ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ቀደም ብለሽ ትጽፊልኝ ነበር።

ጎረቤቶችሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። በጥላሸት የጠገበ ማክሮፋጅ ባክቴሪያ መዋጥ ላይ ይሰንፋል፤ እናትሽ ጉንፋን በያዛቸው ቁጥር አክታው ቢጫና አረንጓዴ የሚሆነው አንድም ለዚህ ነው። «አቅም ይጨመር» የሚለው ግን አይሆንም። ጉዳቱን ያመጣው የመከላከያው መድከም ሳይሆን ዕረፍት ማጣቱ ነው። ነጭ ሽንኩርቱንና ማሩን ይብሉት፣ እኔም እበላዋለሁ። ለእንክብሉ የምታወጡትን ገንዘብ ግን ለምርመራ አውሉት።

አሁን ፕሬድኒሶሎኑን እንይ፤ ያስቆጣኝ እሱ ነው። ብግነት የሚያበርድ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ ኢዮሲኖፊል የሚባሉትን ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋሳት ያጠፋል፤ ኒውትሮፊልን ግን ዕድሜውን ያራዝምለታል። በዚህ ምክንያት ሳንባቸውን የሚጎዳው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ መዋጥ የጨለማ ጉዞ ነው። ሐኪም በሽታው ሲነሳ ለአምስት ቀን ያህል ሊያዝዘው ይችላል። በየወሩ ከፋርማሲ እየገዙ መዋጥ ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል፣ የተኛ ቲቢ ይቀሰቅሳል። ሳያቋርጡ ለሳምንታት ወስደውት ከሆነ ደግሞ በአንድ ቀን እንዳያቆሙ፤ አቀናንሶ የሚያስተዋቸው ሐኪም ይሁን።

የትኛው ሕዋስ እንደሆነ ፍንጭ የሚሰጠው ደግሞ ርካሹ ምርመራ ነው፤ ሁላችሁም የምታውቁት ሲቢሲ፣ የደም ሕዋሳት ቆጠራ። ውጤቱ ላይ የኢዮሲኖፊል ቁጥር አለ። በአንድ ማይክሮሊትር ደም 300 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ ከ100 በታች ከሆነ ጥቅሙ እምብዛም ነው። ሁለት ነገር አትርሺ። ፕሬድኒሶሎን በወሰዱበት ሰሞን ምርመራውን አታሠሩ፤ መድኃኒቱ ቁጥሩን አውርዶ ያሳስታችኋል። የሆድ ትላትል ደግሞ ቁጥሩን ይሰቅላል፤ ስለዚህ ሰገራም ይታይ። በውጭ አገር እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ይህ ቁጥር ከፍ ላለባቸው ሕመምተኞች ዱፒሉማብ የተባለ መርፌ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን የእኛ ኪስ የሚችለው ስላልሆነ ብዙ አላወራም።

ከዚያ በፊት ግን በሽታው ሐኪሞች ሲኦፒዲ የሚሉት፣ የአየር መንገድ የሚጠብበት ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ መሆኑ በስፒሮሜትሪ ይረጋገጥ። ቧንቧ ውስጥ በኃይል የሚተነፈስበት ምርመራ ነው። የአየር ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት ከሳቡ በኋላም በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የሚያወጡት አየር ከጠቅላላው ከመቶ 70 እጅ በታች ከሆነ የአየር መንገዱ ጠቧል ማለት ነው። እዚያው ከሌለ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ያዋጣል። ልባቸውም አብሮ ይታይ። ከተማችሁ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ትንሽ የተጎዳ ሳንባም እዚያ ቶሎ ይደክማል።

ፓፍ፣ ማለትም ተረጭቶ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ከታዘዘላቸው አሳሳቡን አስተምሪያቸው። ካየኋቸው ሕመምተኞች ብዙዎቹ መድኃኒቱን ምላሳቸው ላይ ነው የሚረጩት። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን የግማሽ ሊትር ውሃ ፕላስቲክ በሳሙና አጥበሽ ሳትወለውዪ አድርቂው። ቂጡን በጋለ ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ ብሺውና ፓፉን አስገብተሽ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊ። ፓፉን ነቅንቀሽ አንዴ ብቻ ተጫኚ፤ እሳቸው በጠርሙሱ አፍ አራት አምስት ጊዜ ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ያውጡ። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ በኋላ አፋቸውን ይጉመጥመጡ።

የቀረው ቡናው ነው። እኔም ዕጣን የሌለበት ቡና ቡና አይመስለኝም፤ እናትሽን ቡና ተዪ ብል እንደማይሰሙኝም አውቃለሁ። ከሰሉ ግን ደጅ ይቀጣጠል፣ ቡናውም እዚያው ይፈላ፣ ዕጣኑ ይቅር። በደብረ ብርሃን ብርድ ከሰል ቤት አስገብቶ በር መዝጋት እንዳለም አውቃለሁ፤ ከማታው ከሰል ይልቅ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ደርቢላቸው። ውጤቱ ሲመጣ ጻፊልኝ፤ የኢዮሲኖፊሉን ቁጥር እንዳትረሺ።