ድብና ድብርት ይዛመዳሉ?

ጥያቄ፦ ደሴ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ለትምህርት ቤቱ የስፖርት ቡድን ማስኮት (የቡድኑ መለያ የሚሆን እንስሳ) ሲመርጡ አንዱ «ድብ ይሁን» አለ። ገሚሱ ወደደው። ሌሎቹ ግን «ድብርት ያመጣብናል፤ ደግሞም የፈረንጅ ነው» ብለው ተቃወሙ። እውነት ሁለቱ ቃላት ይዛመዳሉ? ማስኮትንስ በአማርኛ ምን እንበለው?

መልስ፦ መምህርት፣ አይዛመዱም። ድብርት የመጣው «ደበረ» ከሚለው ግስ ነው። ልጆቹ «ደበረኝ» የሚሉት ያንኑ ነው። ድብድብም «ደበደበ» ከሚለው የወጣ ነው። ድብ ግን ራሱን የቻለ የእንስሳ ስም ነው።

«የፈረንጅ ነው» መባሉ ግን ከነከነኝ። በግእዝም ድብ ነው። በዕብራይስጥ ዶብ፣ በዐረብኛ ዱብ ይባላል። አባቱ ኪታብ የቀራ ተማሪ ካለ ቤቱ ጠይቆ ይምጣ። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነበውም ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲል አንበሳና ድብ መግደሉን ለሳኦል እንደነገረው ያውቃል። በአገራችን ዱር ድብ የለም። አያቶቻችን እንስሳውን በዓይናቸው ሳያዩት ስሙን ጠብቀው አቆዩልን። ጀግና ሲያሞግሱም «ድብ አንበሳ» ይላሉ። ከአንበሳ ጎን የቆመ ስም እንዴት ድብርት ያመጣል?

ከባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር አለ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ አትሌቶች እ.ኤ.አ. በ1895 ወርቃማ ድብ ያለበት ሰማያዊ ዓርማ ይዘው ወደ ምሥራቅ አሜሪካ ሄዱ፤ ቀንቷቸውም ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ «ወርቃማዎቹ ድቦች» ይባላሉ። የካሊፎርኒያ ግሪዝሊ ድብ ግን ብዙም ሳይቆይ ከዱሩ ጠፋ። በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ታየ የሚባለው በ1924 ነው። ዛሬ ያለው በባንዲራቸውና በትምህርት ቤቶቻቸው ማልያ ላይ ነው። እንስሳው ሳይኖር ስሙ ይኖራል፤ እንደኛው።

ድብ የሚወደደው ኃይሉም የዋህነቱም አንድ ላይ ስለሚታሰብ ይመስለኛል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር (ቴዲ) ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1902 ታስሮ የቀረበለትን ድብ አልተኩስም አለ። የሕፃናቱ መጫወቻ ድብ፣ ቴዲ ቤር፣ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ደግሞ ድብ በሁለት እግሩ ይቆማል። የድብ ልብስ ለብሶ ሜዳ ዳር ለሚጨፍር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ማስኮት ልምጣ። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ዕድል የሚያመጣ ማለት ነው። አርማ ብንለው አይበቃም፤ አርማ የሚሣለው ምልክት ነው። እኔ «ገድ» የሚለውን እመርጣለሁ። «ገደኛ»፣ «ገደ ቢስ» እንል የለ? «የቡድናችን ገድ ድብ ነው» ሲባል ማንም ይረዳዋል። ማስኮት ቢሉም ስሕተት የለበትም፤ ልጆቹ ለምደውታል።

ለድቡ ስም ስታወጡ የፈረስ ስም ወግን አስቡ። የንጉሥ ሚካኤል አባት ኢማም አሊ «አባ ቡላ» ይባሉ ነበር። ልጆቹም «አባ» ብለው ይጀምሩና የቀረውን ራሳቸው ይሙሉት።