ጥቁር አፈር ላይ የሚቆም የዕቃ ቤት

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። ከልጄ ጋር ሆነን ግቢያችን ውስጥ 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ልንሠራ አስበናል። አንድ አናጺ «የባሕር ዛፍ ቋሚ ቅበሩና ወለሉን ሊሾ አድርጉት፤ ይበቃል» አለን። አፈሩ ጥቁር ነው። እውነት ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ እህቴ። ቤቱ ቀላል ስለሆነ መሠረት አያስፈልገውም የሚለው ሐሳብ ጠጠራማ መሬት ላይ ያስኬድ ይሆናል፤ ጥቁር አፈር ላይ ግን ቅለቱ ራሱ ነው ችግሩ። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከባድ የድንጋይ ግንብ በክብደቱ በመጠኑ ይገታዋል፤ የቆርቆሮ ቤትን ግን እንደፈለገ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። ቀጭን ሊሾ ይተረተራል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ የተቀበረውን እንጨት ደግሞ ምስጥ ይበላዋል።

ስለዚህ ጥቁሩን አፈር ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ አውጡ፤ ጉድጓዱም ከቤቱ ልክ በየአቅጣጫው ግማሽ ሜትር ይስፋ። ከዚያ በፊት ጠንካራ መሬት ካገኛችሁ እዚያው ማቆም ይቻላል።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ቀይ አሽ (ቀላሉ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ርካሽ ስለሆነ ጉድጓዱን በእሱ ብቻ መሙላት የተለመደ ነው። ቀይ አሽ ውሃ ያሳልፋል፤ ከሥሩና ከዙሪያው ያለው ጥቁር አፈር ግን አያሳልፍም። ዝናቡ ሰርጎ ይገባና ሳፋ ውስጥ እንዳለ ውሃ ተኝቶ አፈሩን ከታች ሲያሳብጥ ይከርማል። የሚሻለው ገረገንቲ፣ ማለትም ሲጠቀጠቅ የሚጠነክር ጠጠራማ የሙሌት አፈር ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል እየሞላችሁ፣ በመጠኑ እያረጠባችሁ፣ እያንዳንዱን ንብርብር በተረከዝ ሲረገጥ እስከማይሰረጉድ ድረስ ጠቅጥቁ። በዚህ አትቸኩሉ፤ ቤቱ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሙሌቱ ከመሬቱ እኩል ሲሆን 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቅርጽ በጣውላ ምቱ። ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ስትለኩ ሁለቱም 3 ሜትር ከ61 ሳንቲ ሜትር ካልመጡ ቅርጹ ተንጋዷል። መሐሉ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ደርድሩ፤ ዙሪያውን ግን 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባዶ ተዉት፣ ኮንክሪቱ እዚያ ወፍሮ እንዲወርድ። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ ታስሮ በትናንሽ ድንጋዮች ከፍ ይበል። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር ሆኖ ሲቦካ ሦስት ኩንታል ገደማ ሲሚንቶ ይበቃችኋል። ውሃ አታብዙ። ከተሞላ በኋላ ጆንያ አልብሳችሁ ለ7 ቀን ውሃ አጠጡት።

ቋሚዎቹ የሚታሰሩበትን ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ጫፉን አጥፋችሁ፣ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ጠርዙ ውስጥ ቅበሩ። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ያልታሰረ ቆርቆሮ ቤት ከነጣሪያው ይነሣል። የግድግዳው ቆርቆሮ ከወለሉ ጠርዝ በውጭ በኩል 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ የሚወርደው ዝናብ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ በአሸንዳ ተቀብላችሁ ራቅ አድርጋችሁ አፍስሱት፤ ዙሪያውንም መሬት ወደ ውጭ አዘቅዝቁት።

ቁፋሮውንና ሙሌቱን ከሰኔ በፊት ጨርሱ። ጉድጓዱ ክፍት እያለ ዝናብ ከገባበት፣ የላላውን ጭቃ ጠርጋችሁ ሳታወጡ ገረገንቲ አትጨምሩበት።