ፊርማ አደጋ አይከላከልም

ለወጣት ባልደረቦቼ፣

የሥራ ደህንነት ኃላፊነት ሲሰጣችሁ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ፋይል ነው። መመሪያው፣ የስጋት ግምገማው፣ የሥልጠና መዝገቡ፣ ሁሉም ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት ተደርድሯል። አንብቡት እንጂ ወዲያው አትመኑት። ወረቀት የሚነግራችሁ አንድ ሰው አንድ ቀን ምን እንደወሰነ ነው። መከላከያው ዛሬ በቦታው መኖሩን የሚያውቀው ሄዶ ያየ ብቻ ነው።

ሥርዓት መዘርጋትን እየናቅኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፉ የሥራ ደህንነትና ጤና አመራር ደረጃ፣ አይ ኤስ ኦ 45001፣ መሠረቱ አራት ቃል ነው፦ አቅዱ፣ ተግብሩ፣ ፈትሹ፣ አስተካክሉ። ብዙ ድርጅት የሚያነክሰው ሦስተኛው ላይ ነው። ያቅዳል፣ ያሠለጥናል፣ ያስፈርማል፤ ፍተሻውን ግን ኦዲተር እስኪመጣ ያቆየዋል።

የስጋት ግምገማን ቢሮ ተቀምጣችሁ አትሙሉ፤ ያለፈውን ዓመት ቅጽ ቀኑን ቀይራችሁ ማቅረብማ ጨርሶ አይታሰብ። ሥራውን ከሚሠራው ሰው አጠገብ ቁሙና ሥራውን በየደረጃው ከፋፍላችሁ፣ «እዚህ ጋ ሰውን ሊጎዳ የሚችል ምን ኃይል አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከፍታ፣ ኤሌክትሪክ፣ ግፊት፣ ሙቀት፣ የሚሽከረከር አካል፣ ኬሚካል፣ የተንጠለጠለ ክብደት ሊሆን ይችላል። የዘወትሩን ሥራ አይታችሁም አትመለሱ። ማሽን በደህና ሲሠራ እጁን የሚሰድበት ሰው ጥቂት ነው፤ እጅ የሚገባው ዕቃ ሲቀረቀር፣ ሲጸዳና ቺንጋ ሲቀየር ነው። የሌሊት ፈረቃ የተቀረቀረ ዕቃ እንዴት እንደሚያወጣ ለማወቅ ደግሞ ሌሊት መምጣት ያስፈልጋል።

መከላከያ ስትመርጡ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። በመጀመሪያ አደጋውን ከነምንጩ ማስወገድ ይቻል እንደሆነ እዩ፤ ካልተቻለ ጉዳቱ ባነሰ ነገር መተካት፤ ቀጥሎ በሽፋን፣ በአጥር፣ ሲከፈት ማሽኑን በሚያቆም በር ሰውን ከአደጋው መለየት፤ ከዚያ አሠራርና ሥልጠና፤ በመጨረሻ የግል መከላከያ። ጓንትና ሄልሜት መጨረሻ ላይ የመጡት እንዲሠሩ ሰውየው በየሰዓቱ፣ ሳይሳሳትና ሳይሰለች በትክክል ሊለብሳቸው ስለሚገባ ነው። አንዳንዴም ራሳቸው አደጋ ይሆናሉ፤ በሚሽከረከር መሰርሰሪያ አጠገብ ጓንት እጅን ይዞ ይገባል።

የከፍታ ቀበቶን ውሰዱ። ገመዱ 1.8 ሜትር ነው እንበል። ሰውየው ሲወድቅ የገመዱ ድንጋጤ ማብረጃ፣ ማለትም የውድቀቱን ምት የሚያለዝበው ክፍል፣ እስከ 1.1 ሜትር ድረስ ይዘረጋል፤ ቁመቱን 1.8፣ መጠባበቂያ 0.9 ሜትር ጨምሩበት። ገመዱ ከታሰረበት ነጥብ በታች 5.6 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። 4 ሜትር ላይ የታሰረ ሰው ቀበቶው ሳይዘው መሬት ይደርሳል። በቅጹ ላይ ግን «ቀበቶ ታጥቋል» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል።

ጊዜያችሁን በብዛት እንድትሰጡ የምመክራችሁ ለኃይል ማቋረጥ ነው። ማሽን ማጥፋትና ማሽንን ከኃይል መለየት አንድ አይደሉም። የድንገተኛ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቋርጠው የመቆጣጠሪያውን መስመር ነው፤ ዋናው ኤሌክትሪክ እስከ ማሽኑ ድረስ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው፦ የሚመለከታቸውን ሁሉ ማሳወቅ፣ ማሽኑን እንደ ወትሮው ማቆም፣ ብሬከሩንም ቫልቩንም የአየር መስመሩንም መዝጋት፣ በእያንዳንዱ ላይ ጓጉንቸር ማድረግ፣ የታመቀውን ኃይል ማስለቀቅ፣ ከዚያ ምንም ኃይል አለመኖሩን መሞከር።

የሚዘለሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላም ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያከማች ዕቃ) ቻርጁን ይዞ ይቆያል፣ የተጨመቀ ስፕሪንግ ይወነጨፋል፣ በሃይድሮሊክ ከፍ ብሎ የቀረ ክንድ ይወርዳል። ስለዚህ ክንዱን አውርዱት ወይም በብረት ድጋፍ ያዙት፣ አየሩን አስተንፍሱ፣ ካፓሲተሩን አስለቅቁ። ቴስተሩን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ መስመር ላይ ሞክሩ፣ ቀጥሎ በተቋረጠው ላይ፣ እንደገና ኃይል ባለው ላይ። ሦስተኛው ሙከራ ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ቴስተሩ መሃል ላይ ተበላሽቶ «ኃይል የለም» እንዳላላችሁ የምታውቁት በእሱ ነው። ከዚያ ማስነሻውን ተጭናችሁ እዩና ወደ ማጥፊያው መልሱት።

ጓጉንቸሩ በሰው ልክ ይሁን። አምስት ሰው ከሠራ አምስት ጓጉንቸር፣ መክፈቻው በየባለቤቱ ኪስ። ፎርማኑ ለሁሉም አንድ ቆልፎ መክፈቻውን ከያዘ፣ ሌሎቹ ሁሉ ሕይወታቸውን ለእሱ የማስታወስ ችሎታ አስረክበዋል።

ወረቀት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያታልል የሚያሳየው በሰሜን ባሕር በነበረው የፓይፐር አልፋ የነዳጅ መድረክ ላይ እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 የደረሰው ነው። ከሁለቱ ፓምፖች የአንደኛው የግፊት መከላከያ ቫልቭ ለጥገና ተነሥቶ ቦታው በክዳን ብቻ ተሸፍኖ ነበር። ማታ ሁለተኛው ፓምፕ ቆመ። የሌሊቱ ፈረቃ አንደኛው ፓምፕ ራሱ እንዲጠገን የወጣውን የሥራ ፈቃድ አገኘ፤ ጥገናው ስላልተጀመረ ፓምፑን ማስነሣት የሚቻል መሰለው። የቫልቩ ፈቃድ ለብቻው ነበር፤ እሱን አላየውም፤ በርክክቡም አልተነገረውም። ጋዙ አፈተለከ፣ ፈነዳ፤ 167 ሰዎች ሞቱ። ፈቃድ ነበረ፣ ፊርማም ነበረ። ስለዚህ በአንድ መሣሪያ ላይ የወጡ ፈቃዶች ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ጎን ለጎን ይሰቀሉ፤ ያላለቀ ሥራ በርክክብ ጊዜ በቃልም በጽሑፍም፣ ከተቻለ መሣሪያው ዘንድ ተኪዶ ይነገር።

ታንከርና ጉድጓድ ውስጥ ለሚገባ ሰው አየሩን ሳትለኩ ፈቃድ አትፈርሙ። መጀመሪያ ኦክስጅን፣ ቀጥሎ የሚቀጣጠል ጋዝ፣ ከዚያ መርዛማ ጋዝ። ኦክስጅን የሚቀድመው ብዙዎቹ የተቀጣጣይ ጋዝ መለኪያዎች ኦክስጅን ሲያንስ የተሳሳተ ንባብ ስለሚሰጡ ነው። ኦክስጅኑ ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ፣ ተቀጣጣዩ ጋዝ ከዝቅተኛው የመቀጣጠያ መጠን ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት። ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከታችም ለኩ፤ ሚቴን ወደ ላይ ይወጣል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወደ ታች ይተኛል። በአፍንጫ አትተማመኑ፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ ራሱ የማሽተት ችሎታን ያደነዝዛል። ምንም ያልተቀመጠበት ታንክም ብረቱ ሲዝግ ኦክስጅኑን ይበላዋል። ውስጥ ሰው ሲወድቅ በር ላይ ያለው ጓደኛው ዘሎ ይገባና እሱም ይቀራል፤ በዝግ ቦታ ከሚሞቱት ጥቂት የማይባሉት ለማዳን የገቡ ናቸው። የማውጫ ገመዱና ማንሻው ሰውየው ከመግባቱ በፊት ተዘርግቶ ይጠብቅ።

«ያለ አደጋ ይህን ያህል ቀን» የሚለውን ሰሌዳ አልወደውም። ሽልማት ሲታሰርበት ሰው የተቆረጠ ጣቱን ይደብቃል። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 በአሜሪካ በቴክሳስ ሲቲ የነዳጅ ማጣሪያ በደረሰ ፍንዳታ 15 ሰዎች ሲሞቱ፣ ሲሞላ የነበረው ማማ ውስጥ ፈሳሹ ከመጠን በላይ ወጥቶ ሳለ መለኪያው እየቀነሰ ያሳይ ነበር። ስንት ሰው ተንሸራቶ እንደወደቀ መቁጠር እንዲህ ያለውን ብልሽት አያወጣም። ይልቅ የተፈተኑ መለኪያዎችንና ማንቂያዎችን፣ ቀኑ ያለፈበትን ጥገና፣ ለጥቂት የተረፈባቸውን ክስተቶች ቁጠሩ። የክስተት ሪፖርት ድንገት ቢቀንስ አትደሰቱ፤ ምን አፋቸውን እንዳዘጋቸው ፈልጉ።

አደጋ ስትመረምሩ «የሠራተኛው ግዴለሽነት» ተብሎ የሚዘጋ ሪፖርት ሲመጣላችሁ መልሱት። ሽፋኑን ማን አነሣው? ለምን? ሥራውን ያዘገየው ነበር? አለቃው እያየ ዝም ብሎ ነበር? የተወሰነው እርምጃም «ሥልጠና ይሰጥ» ብቻ ከሆነ በዚያው ማሽን ላይ ሌላ ሰው ይጎዳል። እርምጃው ባለቤትና ቀን ይኑረው፤ ተጠናቀቀ ከተባለ ከሦስት ወር በኋላም ሄዳችሁ እዩት። ሽፋኑ ዳግም ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የምታገኙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ያን ጊዜ ሰውየውን ከመቅጣታችሁ በፊት የሽፋኑን አሠራር ቀይሩ፤ ሳይፈታ ቅባት የሚሰጥበትና የሚታይበት ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት፣ በበቂ ምክንያት ከቅርብና ከከባድ አደጋ ራሱን ያራቀ ሠራተኛ በዚህ የተነሣ ያለ አግባብ እርምጃ እንዳይወሰድበት ይጠብቃል። ይህ መብት የሚለካው መጀመሪያ ሥራ ባቆመው ሰው ላይ በሚደርሰው ነገር ነው፤ ሌሎቹ እሱን አይተው ይወስናሉ። አንድ ሰው «አቁሙ» ካለ ወዲያው ወደ ቦታው ሂዱ፣ ያየውን እሱ ራሱ ያሳያችሁ፣ በሰዎቹ ፊት አመስግኑት። ስጋቱ መሠረት ከሌለው ምክንያቱን አስረዱት እንጂ አታሳፍሩት። ካለው ደግሞ ምን እንደተስተካከለ ነግራችሁት፣ እሱም አይቶት ሥራው ይጀመር።