ሂጂ ካልሽ ነርስ ሆነሽ ሂጂ

የጠያቂዋ ደብዳቤ ባጭሩ፦ «በነርስነት ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የግል ክሊኒክ እሠራለሁ፤ ደመወዜ ከቤት ኪራይ አያልፍም። አንድ ደላላ ለቤት ሥራ ሪያድ በአንድ ወር አስገባሻለሁ ይለኛል። ጓደኞቼ ጀርመን ይሻልሻል ይላሉ። መምህራችን ደግሞ ‹አገር ያስተማራችሁ ለሰው አገር ነው ወይ?› ይሉን ነበር። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ከመምህርሽ ጥያቄ ልጀምር። እውነት አላቸው። በወጪ መጋራት የምትከፍይው የትምህርትሽን ወጪ ከፊሉን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሕዝብ ሸፍኖልሻል። ልምድ ያላት ነርስ ስትሄድም የሆስፒታሉ ሕሙማን ክፍል ለአዲስ ገቢዎቹ ሥራ የምታሳያቸውን ጭምር ያጣል። ሕዝቧ እያረጀ ያለው ጀርመን ግን ለማስተማሪያሽ ምንም ሳታወጣ የሠለጠነ ሰው ታገኛለች።

ሆኖም የሚገፋሽ የአገር ፍቅር ማነስ አይደለም። እዚህ በሽተኛው ሞልቶ ሳለ ነርስ የሚቀጠርበት በጀት የለም። ያንን ጥፋት አንቺ ልትሸከሚው አይገባም። የምትልኪው ገንዘብም ለቤተሰብሽ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለአገር የውጭ ምንዛሪ ይሆናል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሪያድ ነው። ለቤት ሥራ ከሄድሽ ኢትዮጵያ ነርስ ታጣለች፣ ሳዑዲም ነርስ አታገኝም፣ አንቺም ሙያሽን ታጫለሽ። ማንም የማይጠቀምበት ስደት ማለት ይኼ ነው። ስትመለሺ ቀጣሪ የሚያየው ከሙያ የራቅሽባቸውን ዓመታት ነው፤ የሙያ ፈቃድ ማደሱም ያስቸግርሻል። ሳዑዲ በ2013 ዓ.ም. ሠራተኞች አሠሪ እንዲቀይሩ የሚፈቅድ ማሻሻያ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን ሳታካትት መቅረቷንም አትርሺ። የቤት ሥራን ንቄ እንዳልሆነ እወቂልኝ፤ እጅሽ ላይ ያለውን ሙያ ስላየሁ ነው።

ለመሆኑ ደላላው ስንት ጠየቀሽ? በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድና የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የመሳሰለው ነው ያንቺ። የቪዛና የቲኬት ክፈይ ካለሽ አንድ ብር አትስጪው።

የጀርመኑ መንገድ ይረዝማል፤ ግን በሙያሽ ነው የምትሄጂው። የነርስነት ዕውቅና ለማግኘት በአብዛኛው ቢ2 የሚባለው፣ ከመካከለኛ ከፍ ያለ ደረጃ ጀርመንኛ ይጠየቃል፤ ከሥራ ጎን ለጎን ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅብሽ ይችላል። ሥልጠናሽ ከእነሱ ጋር ካልተካከለ ማሟያ ኮርስ ትወስጃለሽ ወይም ፈተና ትቀመጫለሽ። አንድ ነገር ልብ በይ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከባድ የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 55 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በዚህ ምክንያት የጀርመን የግል ኤጀንሲ ከዚህ ነርስ መመልመል አይፈቀድለትም። አንቺ ራስሽ ማመልከት ግን ትችያለሽ። እናም «የጀርመን ሆስፒታል ወክሎኝ ነው» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅሽን አትመኚ።

እስከዚያው ክሊኒኩን አትልቀቂ፤ የድንገተኛ ወይም የጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለው ሆስፒታል ካገኘሽ ግን ደመወዙ ባይጨምርም ተዛወሪ። በዚህ ሳምንት ደግሞ ዩኒቨርሲቲሽ ሄደሽ የእያንዳንዱን ኮርስና የተግባር ልምምድ ሰዓት በዝርዝር የሚያሳይ ማስረጃ አስወጪ። ጀርመኖቹ ሥልጠናሽን የሚመዝኑት በትራንስክሪፕት ላይ ባለው ውጤት ብቻ ሳይሆን በተማርሽበትና በተለማመድሽበት ሰዓት ብዛትም ነው።