የሳይንስ ምሽት ልትጀምር ላሰብከው፦ ሰዓቱን ጠብቅ፣ ማይኩን አትልቀቅ

ወንድሜ፣ የሳይንስ ምሽት፣ ማለትም አንድ ባለሙያ ተናግሮ ሕዝቡ የሚወያይበት ወርሃዊ ዝግጅት፣ ስለ መጀመር የጻፍከውን ጥያቄ አነበብኩት። 50 ሰው የሚይዝ አዳራሽ በቃል ተፈቅዶልሃል፤ የሥነ ፈለክ መምህር የሆነ ሰው የመጀመሪያው እንግዳ ሊሆንልህ ተስማምቷል፤ «የቀረኝ ማስታወቂያና ፕሮጀክተር ብቻ ነው፣ ሌላ ምን ላዘጋጅ?» ትላለህ። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች ስለ ፖስተር ቀለም ተከራክረዋል። በፖስተር ቀለም የፈረሰ የሳይንስ ምሽት የለም። የሚያፈርሰው ሌላ ነው፣ በተራ ልንገርህ።

1. «በቃል ተፈቅዷል» ያልከውን ዛሬውኑ ወደ ወረቀት ቀይረው። የአዳራሽ ኃላፊ «ችግር የለም» ሲል የምትሰማው ትህትና እንጂ ውል አይደለም። በዕለቱ እሱ አይኖርም፤ የሚኖረው ጥበቃው ነው፣ ጥበቃው ደግሞ የሚያምነው ማህተም ያለበትን ወረቀት ነው። አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል፦ ቀኑ፣ የመግቢያ ሰዓት (ከመጀመሩ 90 ደቂቃ በፊት)፣ የመውጫ ሰዓት (ካለቀ 45 ደቂቃ በኋላ)፣ ቁልፍ የሚይዘው ሰው ስምና ስልክ፣ የወንበር ብዛት፣ መብራቱን የሚነካው ማን እንደሆነ። አንድ ቅጂ በጥበቃው እጅ ይቀመጥ። ብዙ ሰው የሚረሳው የመውጫ ሰዓቱን ነው። ውይይቱ በሞቀበት ሰዓት መብራቱን አጥፋ አብራ እያደረገ «በቃ ውጡ» የሚል ኃላፊ አለ፤ እንግዳህ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ዕቃውን ይሰበስባል፣ ተሳታፊውም በሚቀጥለው ወር አይመጣም። ደብዳቤ አልቀበልም የሚል ቢሮ ከገጠመህ አትለማመጥ፣ ሌላ ቤት ፈልግ።

2. ወንበር። ከ50ው 30 ብቻ ዘርጋና የቀረውን ደርበህ ጥግ አስቀምጥ። መግቢያው ነጻ ሲሆን የተመዘገበ ሁሉ አይመጣም። 28 ሰው በ30 ወንበር ላይ ሙሉ ቤት ነው። ያው 28 ሰው በ50 ወንበር ላይ ግን የፊቱን ረድፍ ባዶ ትቶ ግድግዳ ግድግዳውን ይይዛል፤ እንዲህ የተቀመጠ ሰው ደግሞ አይጠይቅም። ሰው ሲጨምር ወንበር ማውረድ ቀላል ነው፣ የተቀመጠን ሰው «ወደ ፊት ኑ» ማለት ግን ልመና ነው። ሦስት ረድፍ በግማሽ ክብ፣ መሃሉ ላይ አንድ ሜትር መተላለፊያ። መተላለፊያው ለማይክ ያዡ ነው፣ እመለስበታለሁ።

3. ሰዓት። ገንዘብም ጉልበትም የሚበላው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ልዘርዝረው። ስሌቱ 25 ደቂቃ ንግግር፣ 15 ደቂቃ ዕረፍት፣ 50 ደቂቃ ውይይት ነው። አዲስ ፈጠራ አይደለም። ማርክ ሶቴ እ.ኤ.አ. በ1992 ፓሪስ ውስጥ የፍልስፍና ካፌ ጀመረ፤ ደንከን ዳላስ ከእሱ ሐሳብ ተነሥቶ በ1998 እንግሊዝ ውስጥ ሊድስ ከተማ የሳይንስ ካፌ ከፈተ። የዳላስ አሠራር አጭር ንግግር፣ ዕረፍት፣ ከዚያ ረጅም ጥያቄና መልስ ነበር፤ እሱ ስላይድም አይፈልግም ነበር። ንግግሩ ክብሪት ነው፣ እሳቱ ውይይቱ ነው። አንተ ግን «መምህሩ እንደልቡ ይናገር፣ በተረፈው ሰዓት እንጠይቃለን» ብለሃል። የሚተርፍ ሰዓት አይኖርም። 25 የተባለው 55 ይሆናል፣ ዕረፍቱ ይሰረዛል፣ ለውይይት 35 ደቂቃ ብቻ ይቀራል፣ እሷንም ጥቂት ሰው ይጨርሳታል። ሌላው ሰው ሲወጣ የሚለው «ጥሩ ትምህርት ነበር» ነው። ይህ ውዳሴ ከመሰለህ ተሳስተሃል፤ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ከቤቱ የሚወጣው የሱ ድምፅ ለተሰማበት ምሽት ነው።

የሚረዝምበት ምክንያት ግልጽ ነው። መምህር አዲስ ንግግር አያዘጋጅም፣ የክፍል ስላይዱን ይዞ ይመጣል። 60 ስላይድ በ25 ደቂቃ አያልቅም። አንድ ስላይድ በአማካይ ሁለት ደቂቃ ይበላል ብለህ ከ12 በላይ አትቀበል። «የንግግሬ ይዘት» የሚለውንና የተቋሙን ታሪክ የያዙትን መጀመሪያ ቁረጥ። ከዚያ ከ10 ቀን በፊት ሰዓት ይዘህ አስለምደው። በልምምድ 22 ደቂቃ የሆነ በመድረክ 25 ይሆናል፤ በልምምድ 25 ከሆነ 30 ያልፋል፣ ምክንያቱም ሰው ሲስቅና ሲያጨበጭብ ደቂቃ ይሄዳል። ልምምዱን «ጊዜ የለኝም» የሚል እንግዳ ይኖራል፤ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ማዕረግ ያለው ነው። ለእሱ በስልክ ሦስት ጥያቄ ጠይቅ፦ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ ምንድን ነው? ሰዎች ይዘውት የሚሄዱት አንድ ነገር ምንድን ነው? ሊቃውንት እስካሁን ያልተስማሙበት ምንድን ነው? ሦስተኛውን የሚመልስ ሰው ለውይይት ምሽት የተፈጠረ ነው። የማይመልሰውን ለሌላ መድረክ ተወው።

የእንግዳውን የሥራ ታሪክ በማንበብ አምስት ደቂቃ አታቃጥል። ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን በሚባለው የሳይንስ ተቋም ከሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዴይ ዘመን ጀምሮ በሚቀርበው የዓርብ ምሽት ንግግር ላይ በልማዱ ተናጋሪው ያለ መግቢያ በሰዓቱ ደወል ይጀምራል፣ ልክ በአንድ ሰዓቱም ያበቃል። አንተ እስከዚያ አትሂድ፤ ስሙንና የሚሠራውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገር፣ በቃ። «5»፣ «2»፣ «0» የተጻፈባቸው ሦስት ወረቀቶች ያዝና ከፊት ረድፍ አሳየው። ዜሮ ላይ ተነሥተህ ከጎኑ ቁም። ምንም አትበል፣ መቆምህ ብቻ ያስጨርሰዋል።

4. ቃላት። እንግዳህ ያስተማረውም የተማረውም በእንግሊዝኛ ከሆነ መድረክ ላይ አማርኛው ይሰበራል። አስቀድማችሁ 8 ወይም 10 ቃል ላይ ተስማሙ፤ ሕዋስ ነው ሴል? ዘረመል ነው ጂን? የትኛውም ይሁን፣ አንዱን ይዞ ይዝለቅ። አደገኞቹ ግን የተለመዱ የሚመስሉት ናቸው። «ንድፈ ሐሳብ» ስትል አድማጩ የሚሰማው «ሐሳብ» የሚለውን ነው፤ «ያው ሐሳብ ብቻ ነው እንጂ አልተረጋገጠም» የሚል ጥያቄ ይከተላል፣ ግማሽ ሰዓትም ይሄዳል። ገና ያልተፈተነው «መላምት» መሆኑን፣ ንድፈ ሐሳብ ደግሞ በብዙ ማስረጃ የቆመ ማብራሪያ መሆኑን እንግዳው መጀመሪያ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበል። የአንተ ሰው የሥነ ፈለክ ነውና «የብርሃን ዓመት» ላይም ይጠንቀቅ። ቃሉ ዓመት ስላለበት ሰው ጊዜ ይመስለዋል፤ ርቀት ነው፣ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ።

5. ዕቃ። ባጭሩ፦ የፕሮጀክተሩ ምስል ቁመት በጣም ሩቅ እስከተቀመጠው ሰው ካለው ርቀት ቢያንስ አንድ ስድስተኛ ይሁን፤ የመጨረሻው ወንበር 9 ሜትር ላይ ከሆነ ምስሉ 1.5 ሜትር ቁመት ይፈልጋል። ለ50 ሰው ክፍል 3,000 ሉመን (የፕሮጀክተር ብርሃን መለኪያ ነው) ይበቃል፣ ሁሉንም መብራት ሳይሆን ከስክሪኑ በላይ ያለውን ብቻ ካጠፋህ። ጨለማ ውስጥ የሚናገር ሰው ፊቱ አይታይም፣ አድማጩም ይተኛል። የግዕዝ ፊደል ከላቲን ይልቅ ጥቃቅን ምልክት ስላለው «ሱ» እና «ሲ» ከኋላ እንዲለዩ የፊደሉን መጠን ከ32 ነጥብ አታውርድ። ስላይዱ በእንግዳው ላፕቶፕ ኬፋ በሚባለው የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ተጽፎ በአንተ ላፕቶፕ ላይ ኬፋ ከሌለ መስመሩ ይበተናል፣ ወይም ባዶ ሳጥን ታያለህ። ስለዚህ አንድ ፒዲኤፍ ቅጂ በፍላሽ ይኑር። ቪዲዮ ግን ፒዲኤፍ ላይ አይሄድም፣ ለብቻው ፋይሉን ተቀበል፤ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሊንክ አትቀበል። ላፕቶፕን ከፕሮጀክተር የሚያገናኙ የኤችዲኤምአይ፣ የቪጂኤና የዩኤስቢ-ሲ አዳፕተር አንድ አንድ፣ 10 ሜትር ኤክስቴንሽን፣ መሬት ላይ ያለውን ገመድ የሚይዝ ፕላስተር ያዝ። ቪዲዮ ተከፍቶ ድምፅ ከጠፋ ፕሮጀክተሩን አትውቀስ፤ ኮምፒውተሩ ድምፁን በኤችዲኤምአይ ወደ ፕሮጀክተሩ ልኮት ይሆናል፣ የድምፅ መውጫውን ቀይር። መብራት ቢጠፋስ? እንግዳው ያለ ስላይድ የሚናገራቸው አምስት ነጥቦች በእጁ በወረቀት ይኑሩት።

ሠርቶ ማሳያ አይቶ የማይወድ የለም፣ ግን ደረቅ በረዶ (በቅዝቃዜ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) አመጣለሁ የሚል ካለ መስኮት ክፈት። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ያለ ወፍራም ጓንት አይነካም። አንድ ኪሎው ሲተን 540 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ክዳኑ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፣ የሚቀረው ማይኩ ነውና በነጥብ የሚያልቅ አይደለም።

ሁለት ማይክ ያስፈልግሃል፣ አንድ ለእንግዳው፣ አንድ ለአዳራሹ። «ድምፄ ይሰማል፣ ማይክ አያስፈልገኝም» የሚል አትስማ፤ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይወርዳል፣ መስማት የሚቸገር ሰው ደግሞ እጁን አውጥቶ አይነግርህም። ማይኩ ከአገጭ በአራት ጣት ርቀት ይያዝ። የማይኩን ወንፊት በመዳፍ መሸፈን ከየአቅጣጫው ድምፅ እንዲለቅም ያደርገዋል፣ ፉጨት ይመጣል። ስፒከሮቹ ሁልጊዜ ከማይኩ ፊት፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው ይቁሙ፤ ከተናጋሪው ጀርባ የተቀመጠ ስፒከር ያለ ጥርጥር ያፏጫል።

አሁን ብዙ የሚያስከፍለው ስህተት። የአዳራሹን ማይክ ለጠያቂ አትስጥ። ማይኩን ረዳትህ ይያዘው፣ ወደ ጠያቂው አፍ ያስጠጋው፣ ጥያቄው ሲያልቅ ይመልሰው። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ» ብሎ የሚነሣ ሰው በየአዳራሹ አለ፤ ማይኩ በእጁ ከገባ ስምንት ደቂቃ ይናገራል፣ ልትቀማው ከሞከርክ ደግሞ የተበደለ እሱ ይሆናል። ረዳቱ ከያዘው ግን ክንዱን መመለስ ብቻ ነው። ረዳቱ ትሑትና የማያፍር ሰው ይሁን፤ ይህ ከአወያዩ የሚከብድ ሥራ ነው፣ የሚያመሰግነውም የለም።

የመጀመሪያዋ ጥያቄ የምሽቱን መልክ ትወስናለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ወደ 250 የሚጠጉ የምርምር ሴሚናሮችን ተመልክቶ ሴቶች ከወንዶች ያነሰ እንደሚጠይቁ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ ወንድ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ እንደሚሰፋ አግኝቷል። ስለዚህ ፈጥኖ እጁን ላወጣው ሁሉ ዕድል አትስጥ። በ15 ደቂቃው ዕረፍት የኤ4 ሩብ ወረቀትና እርሳስ አዙር፣ ጥያቄ በጽሑፍ ሰብስብ፣ ተመሳሳዮቹን ደርብ። ከዕረፍት ስትመለስ የመጀመሪያዋን ከወረቀት አንብብ፣ ሁለተኛዋን ካልተናገረው ጥግ ውሰድ። ዝምታ ከሆነ አትደንግጥ፤ በልብህ እስከ 10 ቁጠር። ካልሆነ «አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ሁለት ደቂቃ ተነጋገሩ» በል፣ ከዚያ ማስቆሙ ነው የሚቸግርህ። ሦስት ጥያቄ አጠራቅሞ ለእንግዳው መስጠትን አልወደውም፤ ቀላሉን ይመርጣል፣ ከባዱን «ጊዜ ስለሌለን» ብሎ ያልፈዋል። አንድ በአንድ ይሻላል።

እንግዳው ከመመለሱ በፊት ጥያቄውን ይድገመው፣ ለኋለኛው ረድፍም ለቀረጻውም። ቀረጻ ካለ በሩ ላይ ጻፈው፣ መቀረጽ ለማይፈልግ ሰው ካሜራ የማይደርስበት ጥግ ይኑር። ርዕሱ ጤና የሆነ ወር ከመጣ ከመጀመሪያው ተናገር፦ የግል ሕመም መድረክ ላይ አይጠየቅም። ካልተናገርክ አንድ ሰው ተነሥቶ የእናቱን የምርመራ ውጤት ያነብባል፣ ሐኪሙም ባላየው ሰው ላይ ይፈርዳል ወይም ይንተባተባል፣ ሁለቱም መጥፎ ነው። እምነትና ሳይንስ የሚነካኩበት ጥያቄ ሲነሣ ደግሞ አፍነህ አትለፈው፣ ፍርድም አትስጥ። ለሁለቱም ወገን «ምን ቢገኝ ሐሳብህን ትቀይራለህ?» ብለህ ጠይቅ፤ ክርክሩ ከሰው ወደ ማስረጃ ይዞራል። እንግዳው «አላውቅም» ሲል ደስ ይበልህ፣ ቀድመህም እንዲህ ማለት እንደሚችል ንገረው፤ ብዙ ምሁር ይህን ለማለት ፈቃድ የሚጠብቅ ይመስላል።

ሲወጡ ረጅም መጠይቅ አትስጥ። አንዲት ወረቀት፣ አንድ ጥያቄ፦ «ዛሬ ሳይመለስ የቀረብህ ምንድን ነው?» የሚቀጥሉትን ሦስት ወራት ርዕስ ከዚያ ታገኛለህ። ቀኑ ደግሞ አይቀያየር፤ የወሩ ሁለተኛ ሐሙስ ካልክ ሁለተኛ ሐሙስ ነው፣ እንግዳው ሳይመጣ ቢቀርም አትሰርዝ፣ የተሰበሰቡትን ወረቀቶች ይዘህ ቁጭ በል።

ደብዳቤውን እስኪፈርሙልህ ድረስ ግን ፖስተር አታሳትም።